ዛሬ ጠዋት በዓይኔ አይቼዋለሁ

ወንድሜ አስር አለቃ ፈንታው ከተቀበረ አምስተኛ ወሩ ነው። ያን ቀን ቆቦ ጤና ጣቢያ ደጃፍ ላይ ቆመን ሳለ ድሬሰሩ ወጣና «የአስር አለቃው ቤተሰብ ማነው?» አለ። አብረውኝ ከቆሙት የመንደራችን ሰዎች ሰባት ስምንቱ ባንድ ላይ «እኔ ነኝ» አሉ። ድሬሰሩ ግራ ገባው። ፊታችንን አንድ በአንድ እያየ ሲፈልግ የእኔና የወንድሜ መልክ ስለሚመሳሰል እኔን ለየኝና ወደ ዳር ወሰደኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላስታውስም። ያ ባንድ ላይ የወጣ «እኔ ነኝ» ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ስለ እሱ ጻፍ ያሉኝ ለቀብሩ ከጎብዬ የመጡ ሁለት ጡረተኛ ወታደሮች ናቸው። «አንተ ተምረሃል፤ የኮንጎውን ዘመቻ ጻፍለት» አሉኝ። ተማርኩ ለማለት አስራ አንደኛ ክፍል ነኝ። ስናገር እንተባተባለሁ፤ ስጽፍም ያው ነኝ መሰለኝ። ስለ ኮንጎ የማውቀው ደግሞ እሱ የነገረኝን ብቻ ነው፣ የነገረኝም ጥቂት ነው።

ስለ ተኩስ አላወራኝም። የሚያወራው ስለ አንድ ድልድይ ነበር። እሱ የነበረበት ጓድ ያን ድልድይ ይጠብቅ ነበር። ከድልድዩ ማዶ ትምህርት ቤት አለ። ጠዋት ልጆቹ ሲሻገሩ ይቆጥራቸዋል፣ ከሰዓት ሲመለሱ ደግሞ ይቆጥራቸዋል። አንድ ሲጎድል ሄዶ ይፈልጋል። «የእኔ ዘመቻ ይኸው ነው፤ የሰው ልጅ ስቆጥር ኖሬ መጣሁ» ይል ነበር። በግራ እግሩ ያነክሳል። የመታው ጥይት ከየት እንደመጣ ስጠይቀው «ከፊት» ብሎ ይስቃል። በቃ። ጡረተኞቹ የበለጠ የሚያውቁ ከሆነ እነሱ ይጻፉት።

እኔ የማውቀው ከተመለሰ በኋላ ያለውን ጋሼን ነው፤ ወንድሜን የምጠራው እንዲያ ነው። መንደራችን ከቆቦ ወደ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ዳር ናት፣ ከወዲያ የዞብል ተራራ ይታያል። እናትና አባታችን ስለሞቱ ያሳደገኝ እሱ ነው። ሲመጣ መንደሩ ውሃ የሚቀዳው ከሩቅ ነበር። ወንዶቹን ሰብስቦ ጉድጓድ አስቆፈረ፣ መጀመሪያ የገባውም ራሱ ነው። ሥራውን ሁሉ በትእዛዝ ያደርገዋል። «ዶማ አንሳ፤ አሳርፍ» እያለ ሲያስቆፍር ሰው እየሳቀ ይቆፍራል። ላቀች የምትባል፣ ባሏ የሞተባት ምላሰኛ ጎረቤት አለችን። «አስር አለቃ፣ ላሜ ወተት ከልክላኛለች፤ መጥተህ እዘዛት እስቲ» ትለው ነበር። እሱም ከልቡ መጥቶ ላሚቱ ፊት ይቆምና «ተጠንቀቅ» ይላል።

ከዚያ በልጉ ቀረ። ክረምቱም ቀረ። ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ደረቀ። ከብቱ መጀመሪያ ተሸጠ፣ ኋላ የሚገዛ ጠፋ፣ ኋላ አለቀ። በአውራ ጎዳናው ላይ ከደጋም ከቆላም ሰው ይፈስ ጀመር።

የእኛ ሰው ግን መንገድ አልወጣም። በሩን ዘጋ። ይህን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብደኛል። በእኛ አገር እንግዳ ሲያበላ የኖረ ሰው ሲርበው መታየት አይፈልግም። አቅሙ ሲያልቅ በሩን ከውስጥ ይዘጋና ይተኛል። ጎረቤቱም ያውቃል፤ ግን ለክብሩ ብሎ አያንኳኳም። «ወደ ዘመድ ሄደዋል መሰለኝ» ይባላል። በዚያ ዓመት መጀመሪያ መንደራችን ውስጥ ሁለት በሮች እንዲህ ተዘግተው፣ የተከፈቱት ለቀብር ነው። ሁለተኛውን በር በትከሻው ገፍቶ የከፈተው ጋሼ ነበር። ውጭ ወጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ሦስተኛ በር እንዲህ አይከፈትም» አለ። ለእኔ የተናገረው አልመሰለኝም።

በማግስቱ መንደርተኛውን መካከል ላይ ባለችው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ጠራ። ቆቦ ዳር በተሠራው መጠለያ ስንዴ መታደል ተጀምሮ ነበር። ከእኛ መንደር ግን ማንም አልሄደም። ጋሼ «በሰልፍ እንሄዳለን» አላቸው።

«አልሄድም» አሉ ጋሽ አባተ፣ ደረቅ ገበሬ ናቸው። «ለስንዴ ተራ ቆሜ እጄን አልዘረጋም።»

«ተራ ማን አለ?» አለ ጋሼ። «እኔ ሰልፍ ነው ያልኩት።»

«ልዩነቱ ምንድነው?»

«ተራ የቆመ ሰው የፊተኛውን ጀርባ እያየ አንገቱን ይደፋል። ሰልፍ የቆመ ደረቱን ይነፋል።»

«ደረት መንፋቱስ ቀላል ነው» አለች ላቀች። «ሆድ ውስጥ ምንም ስለሌለ ቦታ ሞልቷል።»

ሳቁ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሰው ሲስቅ ሰማሁ። ከዚያ ያችን ሳቅ ሳያበርድ «ሰልፍ ያዝ» አለና አቆማቸው። በሁለት ረድፍ አሰልፎ፣ ራሱ እያነከሰ ከፊት እየመራ ቆቦ ድረስ ወሰዳቸው። የመጠለያው ጸሐፊ ብቅ ብሎ አያቸውና «እናንተ የየት ጦር ናችሁ?» አለ። «የማሽላ ጦር» አለ ጋሼ። ስንዴያቸውን ተቀብለው ተመልሰው መጡ። ጋሽ አባተ ሲመለሱም ሰልፉን አላበላሹም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ቁርቁራዋ ሥር ስም ጥሪ ሆነ። ከምሥራቅ ዳር ካለው ቤት ጀምሮ እስከ ምዕራብ ዳር፣ በቃሉ ይጠራል። ደብተር ልያዝልህ ስለው እምቢ አለኝ። «ወረቀት ሰው አያይም» አለ። የቤቱ አባወራ ሲጠራ «አቤት» ይላል። አቤት ያላለ ሰው ቤት ጋሼ ራሱ ይሄዳል። ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ በር እንዳይዘጋ።

ግን ተሳሳተ። ስህተቱ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ከደግነት የመጣ ነው።

አባ ይማም የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፣ አሁንም አሉ፣ አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው። ጥሪ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ አልታዩም። ስማቸው ሲጠራ ሚስታቸው እማማ ፋጡማ ከሴቶቹ መካከል «አቤት» ይላሉ። «ከብት ሊያዩ ወጥተዋል።»

አባ ይማም አንድ ከብት አልነበራቸውም። የመጨረሻዋ ጊደር ስትሞት ቆዳዋን የገፈፈው መንደሩ ነው። ሁላችንም እናውቃለን። ሁላችንም ዝም አልን። ሴትዮዋን እንዴት ብለን እናሳፍራቸው? ጋሼም ዝም አለ። እኔም። በአራተኛው ቀን እማማ ፋጡማ «አቤት» ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። ጋሼ ቀጣዩን ስም ሊጠራ አፉን ከፍቶ ተወውና ወደ እሳቸው ዞረ።

«እማማ፣ የትኛውን ከብት?»

መልስ ሳይጠብቅ ወደ ቤታቸው ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት።

በሩ ከውስጥ በእንጨት ተደግፎ ነበር። ጋሼ ገፍቶ ከፈተው። አባ ይማም ታጥበው፣ ነጭ ለብሰው፣ ፊታቸውን ወደ ቂብላ አዙረው መደብ ላይ ተኝተዋል። ድርሻቸውን ለሚስታቸው ትተው ነው። ጋሼን ሲያዩ ተቆጡ።

«አስር አለቃ፣ የሰው ቤት እንዲህ ይገባል እንዴ?»

«ይቅር ይበሉኝ አባ ይማም። የወታደር ነገር፣ ማንኳኳት አስረሳኝ።»

«ሂድ ልጄ። ተወኝ። ወላሂ አልተቀየምኩህም፤ ብቻ ተወኝ።»

ጋሼ አልለመናቸውም። ስለ ስንዴም አላነሳም። መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠና የሚያነክስ እግሩን በእጁ እያሻሸ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«እማማ ፋጡማ በሕዝብ ፊት አራት ቀን አለ ብለዋል። እሳቸው በዕድሜያቸው አንዲት ውሸት ተናግረው አያውቁም ይባላል። አሁን እርስዎ ውሸታም ሊያደርጓቸው ነው።»

አባ ይማም ቀና አሉ። ከዚያ «ያቺ ሴት ውሸታም አትባልም» አሉ። ክንዳቸውን ዘረጉ። እኔና ጋሼ ደግፈን አወጣናቸው። ቁርቁራዋ ሥር ሲደርሱ፣ ሳይጠሩ፣ «አቤት» አሉ። እማማ ፋጡማ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

ያን ቀን ጋሼ ምሳ አልበላም። በራሱ ተናደደ። ከሰዓት በኋላ ቁርቁራዋን ሲዞራት ሲዞራት ቆየና መጣ።

«ሞላ፣ ወታደር ሰልፍ ሲያስተካክል ምን እንደሚያይ ታውቃለህ?»

«ፊ... ፊቱን?»

«ቀኙን። ራሱን አያይም፣ የቀኙን ነው የሚያየው። ቀኙ ካለ ሰልፉ ቀጥ ይላል። እኔ ስንት ዓመት የሠራሁትን ረስቼ፣ ሰውን ስለ ራሱ እጠይቃለሁ።»

በማግስቱ አዲሱን ደንብ አወጀ። ከእንግዲህ ስለ ራሱ አቤት የሚል የለም። ስም ሲጠራ የሚመልሰው ጎረቤት ነው። በመንደራችን አሰፋፈር ከቤትህ በስተቀኝ ያለውን ቤት፣ በሩን ከፍተህ፣ ሰውየውን አይተህ ትመጣለህ። ስሙ ሲጠራ «ዛሬ ጠዋት በዓይኔ አይቼዋለሁ» ትላለህ። ያላየኸውን አይቼዋለሁ ማለት የለም። ወጥቷል፣ ሄዷል፣ ደህና ነው ማለት የለም። ማየት ብቻ። የመጨረሻው ቤት ደግሞ ዞሮ የመጀመሪያውን ያያል።

እንዲህ ሲሆን የማንኳኳት ነውር ቀረ። ማንም የሰው በር የሚከፍተው ሊሰልል ወይም ሊያዝን አይደለም፤ ታዞ ነው። የተዘጋ በር የሚከፈተውም በትእዛዝ ነው። «ምን ላድርግ፣ አስር አለቃ ይቆጣኛል» ይላል ገቢው። «ግባ እንግዲህ፣ አስር አለቃ ይቆጣሃል» ይላል ውስጥ ያለው።

ችግሩ የአባ ይማም ተመልካች ጋሽ አባተ መሆናቸው ነበር። ሁለቱ በጎርፍ ውሃ ቦይ ተጣልተው ስንት ዓመት አልተነጋገሩም። በመጀመሪያው ጠዋት «ይማም እንድሪስ» ተብሎ ሲጠራ ጋሽ አባተ ሰማይ ሰማይ እያዩ «አይቼዋለሁ» አሉ።

«በዓይንዎ?»

«በምኔ ላየው ኖሯል? አይቼዋለሁ። ከስቷል እንጂ አመሉ ያው ነው።»

«አልሀምዱሊላህ» አሉ አባ ይማም ከሰልፉ ውስጥ። «ያንተን ፊት በጠዋት አይቼ እስካሁን መቆሜ ተአምር ነው።»

ሰው በሳቅ ወደቀ። ወር ሳይሞላ ጋሽ አባተ «አይቼዋለሁ» ካሉ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያስለዋል» ብለው ጨመሩ። ሌላ ቀን ደግሞ «አይቼዋለሁ፤ ቆሎ ሰጠኝ» አሉና፣ እንዳፈረ ሰው መሬት መሬት አዩ።

በዚያ ክፉ ቀን ከመንደራችን ሰው አልሞተም አልልም። ሞቷል። ሕፃናትም ሞተዋል። ግን በሩ ተዘግቶበት ብቻውን የሞተ የለም። ሦስተኛ በር እንዲያ አልተከፈተም። ይህን ማንም ሊያስተባብል አይችልም።

አሁን ወደሚከብደኝ ደረስኩ።

በሁለተኛው ዓመት መጠለያው ውስጥ ተስቦ ገባ። ጋሼ ሰልፉን ይዞ በየጊዜው ይመላለስ ነበር። አንድ ጠዋት «መጠለያው ጸሐፊ ቸግሮታል፤ ሄደህ ጥቂት ቀን እርዳቸው» አለኝ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። አቧራ ነው አለ። ሄድኩ።

እንዳላየው ነው የላከኝ። ኋላ ነው የገባኝ። እሱ የሰውን በር ሁሉ ከፍቶ የራሱን ዘጋ።

በሄድኩ ማግስት ቁርቁራዋን ተደግፎ ጠራ። በሦስተኛው ቀን ቁጭ ብሎ ጠራ። ላቀች «ወታደሩ ሰነፈ፤ ነገ ደግሞ ተኝቶ ይጠራናል» አለች። እሱም «አልጋዬን ይዤ እመጣለሁ» አላት። ሳቁና ተበተኑ። ላቀች እስከ ዛሬ ይህን ስታነሳ ታለቅሳለች። ምን ታድርግ? ሁሉም የቀኙን አይቶ ነበር። ጋሼ ግን ከሰልፉ ውስጥ አልነበረም፣ ከሰልፉ ፊት ነበር የሚቆመው። ሲጠራ እኛ ቤት ላይ ሲደርስ ይዘለው ነበር። በየጠዋቱ ሲዘለው ሰምቻለሁ፣ አንድም ቀን አልታወቀኝም። ከፊት የሚቆም ሰው ቀኝ የለውም።

በአራተኛው ጠዋት ሰው ተሰልፎ ጠበቀ። የሚጠራ የለም።  ከሰልፉ ወጥተው እኛ ቤት ድረስ የሄዱት አባ ይማም ናቸው። በሩ ከውስጥ በእንጨት ተደግፎ ነበር። በትከሻቸው ገፉት።

በቃሬዛ ተሸክመው ቆቦ ጤና ጣቢያ አመጡት። እኔም ከመጠለያው ሮጬ ደረስኩ። ትኩሳቱ ጥቂት ሲበርድለት አወቀኝ።

«ዛሬ ማን ጠራ?» አለኝ።

«ማ... ማንም።»

«እንግዲያ አንተ ጥራ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ እንተባተባለሁ። ስሙን ሳልጨርስ ይመሻል።»

ፈገግ አለ። «ቀስ ብለህ ጥራ። ሰው የገዛ ስሙን ለመስማት ይታገሳል።»

ከሁለት ቀን በኋላ ድሬሰሩ ወጥቶ ቤተሰቡ ማነው ብሎ ጠየቀ።

ቀብሩ ላይ ጥይት አልተተኮሰም። ከጎብዬ የመጡት ጡረተኞች አንደኛው ቀኝ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ «ተጠንቀቅ» አለ። እሱ ለጓደኛው ብቻ ያለው መስሎት ነበር። መንደርተኛው ግን ባንድ ጊዜ ቀጥ አለ፤ ዱላውን የያዘ ከነዱላው፣ ልጅ ያዘለች ከነልጇ። ከዚያ ማንም ሳያዛቸው ሁሉም የቀኛቸውን አዩ። ጡረተኛው እጁ ግንባሩ ላይ እንዳለ ቀረ። ቃሬዛው ከፊት ለብቻው ነበር። አባ ይማም ከሰልፉ ወጡ። ካህናቱ አላስቆሟቸውም። ሄደው ከቃሬዛው በስተቀኝ ቆሙ፤ አፈሩ እስኪመለስም ከዚያ አልተነቃነቁም።

በሳልስቱ መጥራት ጀመርኩ። እውነትም ታገሱኝ። የላቀችን ስም «ላ... ላ...» ስል «ዘፈን አደረግኸኝ» አለች፤ ሌሎቹ ዝም አሰኟት። የእኛ ቤት ላይ ስደርስ ከልማድ ዘለልኩት። ጋሽ አባተ «ቁም» አሉ። «ቤት ዘለልክ።»

«የ... የኛ ነው።»

«የእናንተ ቤት ቤት አይደለም? ከእንግዲህ የጠሪው ስም ይጠራል። ያጣነው አንድ አስር አለቃ ይበቃናል።»

የእኛ ቤት ከላቀች ቤት በስተቀኝ ነው፤ እሷ ግን እስካሁን እኛን ዘላ ቀጣዩን ታይ ስለነበር፣ እኔን ማን እንደሚያየኝ ተከራከሩ። አባ ይማም «የሱን እኔ አየዋለሁ» አሉ። ቤታቸው ከእኛ ራቅ ይላል። ማንም አልተቃወማቸውም።

በሐምሌ ዝናቡ መጣ። መጀመሪያ አላመንነውም፤ ከዚያ ከዞብል በኩል ጎርፉ ቦዩን ሞልቶ ወረደ። ዘር ታደለ። ለጋሽ አባተ አንድ በሬ ተርፏቸው ነበር፣ አባ ይማም ከዘመድ አንድ ተውሰው መጡና በዚያ በተጣሉበት ቦይ ዳር ባለው ማሳ ላይ ተቀናጁ።

ዝናቡ በጣለ በሳምንቱ አንድ ጠዋት ቁርቁራዋ ሥር ስደርስ ሰው አልነበረም። ጠበቅኩ። ማንም። ከምሥራቅ ዳር ጀምሬ ጠራሁ። መልስ የለም። ሁለተኛውን ጠራሁ። የለም።  ወደ ቤቶቹ ዞርኩ፣ አንድ በአንድ አየኋቸው።

በሮቹ በሙሉ ክፍት ነበሩ። ከማሳው በኩል በሬ የሚያበረታታ ሰው ድምፅ ይሰማል፣ ከብዙ አቅጣጫ።

አባ ይማም የዘር ቁና ተሸክመው እየተጣደፉ መጡ። «ምነው ብቻህን ትጮሃለህ?» አሉኝ።

«ሰ... ሰልፉን ነው።»

«ሰልፉ ማሳ ላይ ነው ልጄ። አባተ እየጠበቀኝ ነው፤ ከዘገየሁ አፉን ያውቅበታል።» ጥቂት ሄደው ተመለሱ። ቁናቸውን አወረዱና በቀኜ መጥተው ቆሙ። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ፣ ጋሼ ሰው ሲያይ እንደሚያየው። «አብሽር» አሉኝና ቁናቸውን አንስተው ወረዱ።

እኔ ግን የጀመርኩትን አልተውኩም። ቀስ እያልኩ፣ ማንም ሳይመልስልኝ፣ ስሞቹን በሙሉ ጠራሁ። እኛ ቤት ላይ ስደርስ አልዘለልኩም።

አባ ይማም ማሳው ጫፍ ደርሰዋል። ጀርባቸውን እንደሰጡኝ፣ ሳይዞሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አይቼዋለሁ» አሉ።